የአክስቴ መሶብ፣ የእሱ ማሽን፣ የእኔ ቴስት

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

እትዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዕድሜዬ 28 ነው፤ ፕሮግራመር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። የአክስቴ ልጅ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ አንድ ቤት ስላደግን እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው። ጣና ዳር፣ ከጀልባ መነሻው አጠገብ፣ ለጎብኚ የባህል ዕቃ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ጎብኚ ሲጠፋ ሱቋን ዘጋና «አንቺ ኮዱን ጻፊ፣ እኔ ዕቃውን ላሰባስብ፣ ኦንላይን እንሽጥ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁበት። መነሻ ገንዘባችን የእኔ ቁጠባና ለአክስቴ የወጣላት ዕቁብ ነው። ዕጣው ቀድሞ ስለወጣላት እሷ አሁንም በየሳምንቱ እየከፈለች ነው።

ዕቃዎቻችን መሶብ፣ ሙዳይ፣ ጋቢና ነጠላ፣ የዘጌ ቡና፣ ከደንገል የሚሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ናቸው፤ በድምሩ 240። አብዛኛውን ስፌት የሰፋችው አክስቴ ራሷ ናት። ልጇ የሁሉንም ፎቶ ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) እየሰጠ በሁለት ሌሊት መግለጫ አስጻፈና፣ ድረ ገጹ እስኪያልቅ በቴሌግራም ቻናላችን ለቀቀው። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን አንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦ «ይህ ውብ መሶብ ጥራት ካለው ቀርከሃ በጥንቃቄ የተሠራ ሲሆን በቀላሉ በውኃ ይታጠባል።» አክስቴ ምንም አላለችም። ወስፌዋን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ያለች ደንበኛ መሶቧን ነክራ አጥባ፣ ቀዩ አለላ ነጩ ላይ ሄዶ፣ ፎቶውን ላከችልን። ብሬን መልሱ ትላለች፤ እስካሁን አልመለስንም።

በእኔ በኩል ያለው ደግሞ ይህ ነው። የምሠራው ቲዲዲ በሚባለው፣ ቴስትን በሚያስቀድም አሠራር ነው፤ ኮዱን የሚፈትነውን ቴስት ሳልጽፍ ኮዱን አልነካም። በፊት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት በእኔ ኮድ የደንበኞች ሂሳብ ተዛብቶ ያውቃል፣ እሱ ይቅር። ድረ ገጹን ለጥምቀት እናደርሳለን ብለን ነበር፤ ጥምቀት አለፈ። ለፋሲካ አልን፤ እሱም እየደረሰ ነው። የአክስቴ ልጅ የመነሻ ገጹን አራት ጊዜ ስላስቀየረኝ አራት ጊዜ ቴስቶቼን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ባለፈው «አንቺ ለማሽን ፈተና ስታወጪ ገበያው አለፈን» አለኝ። እኔም ሳላስብ «አንተ ደግሞ የእናትህን እጅ ለማያውቃት ማሽን አስረከብክ» አልኩት። ይኸው ሁለት ሳምንታችን፣ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አንነጋገርም።

ኤአዩን ጨርሰን እንተወው? ቲዲዲውን ነው መተው ያለብኝ? ወይስ ሽርክናው ራሱ አይሆነንም? ይምከሩኝ።

ሰ. ከባሕር ዳር

*

እህቴ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ዓይኔ የቀረው አክስትሽ ወስፌዋን አንስታ ጓዳ የገባችበት ቦታ ነው። ከኮዱም ከማሽኑም በፊት ስለዚያ ላውራሽ። አክርማና ስንደዶ ከሜዳ ተለቅሞ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ከፊሉ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ከዚያ አንገት አቀርቅሮ፣ በወስፌ እየበሱ፣ ዙር በዙር ነው። አንዱ ዙር ከላላ ቀጣዩ ይጣመማል፤ ስትሰፋ ያደገች ሴት ጣቷ ሲነካው ያውቀዋል። እንዲህ የለፋችበት ሥራ በገዛ ልጇ ስልክ ላይ «ቀርከሃ» ተብሎ ሲነበብላት ምን እንደተሰማት መገመት አይከብድም። አንቺና እሱ ስትቋሰሉ እሷን ይቅርታ የጠየቃት ሰው ያለ አልመሰለኝም። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ሌላው የያዘኝ «እሱ ይቅር» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። የሰው ሂሳብ በእጅ ሥራ ሲዛባ ማየት ቀላል አይደለም፤ እኔም ኮድ ስጽፍ በኖርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለውን ድንጋጤ ቀምሼዋለሁ፣ ሌሊት ያነቃል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጠይቅሽ፦ የመነሻ ገጹን ቴስት አራተኛ ጊዜ ስትጽፊ የምትጠብቂው ገጹን ነበር ወይስ ያንን ሌሊት? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም፣ ለራስሽ ግን መልሺው።

የአክስትሽ ልጅም ቢሆን የቸኮለው ሰንፎ አይመስለኝም። እናቱ ዕቁቧን በልታ ለእናንተ ሰጥታለች፤ እሷ በየሳምንቱ ስትከፍል እሱ እያየ ነው። ሱቁ ተዘግቶበታል፣ ድረ ገጹ አልተከፈተለትም። ቀኑን የሚቆጥረው በዚያ ነው። ይህን ያነሳሁት ጥፋቱን ልሸፍንለት ብዬ አይደለም፤ 240 መግለጫ አንዱንም ለእናቱ ሳያሳይ መልቀቁ ጥፋት ነው። ግን አንቺ የምትፈሪው ያለፈውን፣ እሱ የሚፈራው የሚመጣውን መሆኑን ካላያችሁ ገና ብዙ ትነታረካላችሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። የኤአዩንና የቲዲዲውን ነገር አንቺ ሁለት ጥያቄ አድርገሽ ጻፍሽው እንጂ ለእኔ አንድ ነው፦ ይሄ ነገር ቢሳሳት ስህተቱ ማን ላይ ይወድቃል? ያ ሰው ሳይጎዳ በፊት ስህተቱን ማየት ይችላል ወይ? መነሻ ገጹ ላይ አንድ ቁልፍ ቢንሻፈፍ አንቺው ታይዋለሽ፣ በአምስት ደቂቃ ታስተካክይዋለሽ። «ይታጠባል» የሚለውን ቃል ግን አዲስ አበባ ያለችው ሴት ማወቅ የምትችልበት መንገድ አልነበራትም፤ ያወቀችው መሶቧ ከተበላሸ በኋላ ነው። የእናንተ ችግር ጥንቃቄው ሁሉ ቁልፉ ጋ ሄዶ «ይታጠባል» የሚለው ዘንድ አንድም ሰው አለመቆሙ ነው።

ኤአዩን ጨርሳችሁ ተዉት አልልሽም። ግን ፎቶ ብቻ ሰጥቶ ጻፍልኝ ማለት እናንተ ለያዛችሁት ዕቃ አይሆንም፤ ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። እነዚህ ፕሮግራሞች ካነበቡት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነስተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ይገምታሉ። ያልተነገራቸውን እውነት በሚመስል ነገር ይሞሉታል። «ቅርጫት» ከሚል ቃል ጎን ቀርከሃን ደጋግሞ አንብቦ ይሆናል ቀርከሃ ያለው። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ኢንተርኔት ላይ ከእንግሊዝኛው አንጻር በጣም ጥቂት ስለሆነ ስለ አክርማ ያነበበው እዚህ ግባ አይባልም። የዘጌ ቡናችሁንም መግለጫ እስቲ ክፈቺው፤ «ከከፍተኛ ተራሮች የተለቀመ» የሚል ብታገኚ አልገረምም። ዘጌ ሐይቁ ውስጥ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ቡናው በገዳማቱ ዙሪያ በደን ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፣ በሬ ጠምዶ ማረስም ከጥንት ጀምሮ በአባቶች ቃል የተከለከለበት አገር ነው። ይህን ብቻ ጽፋችሁ ብትለቁት እኔ ራሴ ግማሽ ኪሎ እገዛችሁ ነበር። ማሽኑ ግን ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል?

የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ጋቢና ነጠላዎቹ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው በጥለት ቀለምና በርዝመት ብቻ የሚለያዩ ከሆነ፣ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ፈትሉን፣ የጥለቱን ቀለም በሰንጠረዥ ሰጥታችሁ ወደ ዓረፍተ ነገር እንዲቀይረው ማድረግ ጊዜ ያተርፋል። የእንግሊዝኛውም እንዲሁ፤ ውጭ አገር ላሉት ወገኖች የአማርኛውን ካረማችሁ በኋላ እንዲተረጉም ማድረግ ትችላላችሁ። የአክስትሽን ስፌቶች ግን፣ እያንዳንዱ ለየብቻው የተሠራውን፣ ሰው ይጻፈው። ዋጋው ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን በክርክር አትፍቱት። አሥር ዕቃ ምረጡና አምስቱን አንቺ ከባዶ ጻፊ፣ አምስቱን እሱ በማሽን አስጽፎ ቃል በቃል አጣርቶ ያርም። ሁለታችሁም ሰዓት ያዙ። አጣርቶ ማረሙ ከመጻፉ የበለጠ ጊዜ ከወሰደ ለዚያ ዓይነት ዕቃ ማሽኑ አላተረፋችሁም ማለት ነው። ሰው ሳያጣራው የሚወጣውን ግን ፈጣን ነው ብላችሁ አትቁጠሩት፤ ሥራው ወደ ደንበኛዋ ተላልፎ ነው።

በዚህ የተቃጠላችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። በጥር 2016 ዓ.ም. አካባቢ አማዞን ላይ የዕቃ ስም በሚጻፍበት ቦታ «ይቅርታ፣ ይህን ጥያቄ ማሟላት አልችልም» የሚል የኤአይ መልስ እንዳለ የተለጠፈባቸው ዕቃዎች ተገኝተው ነበር፤ ሻጮቹ ያስጻፉትን አንዴ እንኳ አላነበቡትም። በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ የካቲት 2024፣ ካናዳ ውስጥ አንድ መንገደኛ የኤር ካናዳ አየር መንገድ ቻትቦት (ለደንበኞች በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም) ስለ ሐዘን ጊዜ ቅናሽ በነገረው የተሳሳተ መልስ ከስሶ አሸነፈ። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለራሱ ኃላፊ ነው ብሎ ሊከራከር ቢሞክር የብሪቲሽ ኮሎምቢያው ዳኝነት አልተቀበለውም፤ በድረ ገጽህ ላይ ያለው ሁሉ የአንተ ቃል ነው ተባለ። እዚህም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ስለዚህ ለደንበኛዋ «ማሽኑ ነው የጻፈው» ብላችሁ እንዳትመልሱ። ብሯን መልሱላት። ይህ ምክር የሚጠብቅ ነገር አልነበረም፣ ዛሬውኑ አድርጉት።

ስለ ቲዲዲው ደግሞ፣ ዓምዱን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ በአጭሩ ላስረዳ። ፕሮግራመሩ ኮዱን ከመጻፉ በፊት ኮዱ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚፈትን ትንሽ ፕሮግራም ይጽፋል። ቴስቱ መጀመሪያ ይወድቃል፣ ቀይ ይሆናል፤ ለማሳለፍ የሚበቃውን ያህል ኮድ ይጻፋል፣ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ኮዱ ይጸዳል። በዚህ መልኩ ያስፋፋው አሜሪካዊው ፕሮግራመር ኬንት ቤክ ነው። ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ በማይክሮሶፍትና በአይቢኤም አራት ቡድኖች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ከመለቀቁ በፊት የተገኘው ስህተት ከ40 እስከ 90 በመቶ ቀንሶ፣ የመጀመሪያው የሥራ ጊዜ ደግሞ ከ15 እስከ 35 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ሁለቱንም ቁጥር ለአክስትሽ ልጅ አሳዪው። እሱ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው፣ አንቺ የምታዪው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ግን ያ ትርፍ የሚገኘው ምን እንደምትሠሪ ስታውቂ ነው። የመነሻ ገጻችሁ ምን መምሰል እንዳለበት እናንተም ገና አታውቁም። ደንበኛው መሶብ የሚመርጠው በቀለም ይሁን በመጠን፣ ወይም ፎቶ አይቶ በቀጥታ ስልክ ይደውል እንደሆነ የሚነግራችሁ ደንበኛው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ገና አልገባም። ነገ ለሚፈርስ ገጽ ቴስት ማስቀደም ዳስ ላይ የብረት በር መግጠም ነው። መጀመሪያ ይሞከር፣ ይፍረስ፣ ይሠራ፤ ቅርጹ ሲረጋ ያን ጊዜ ጥቂት ቴስት ይጻፍለት። የፎቶዎቹን ስም አንዴ ለመቀየር የምትጽፊው ኮድም፣ የአክስትሽ ልጅ ብቻ የሚያየው ገጽም ቴስት አይፈልግም።

ሳትሸማቀቂ ቴስቱን አስቀድሚ የምልሽ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ወንድምሽ ቢቆጣም አትበገሪ። አንደኛው ክፍያ ነው። የቴሌብር ክፍያ ማረጋገጫ በኔትወርክ መቆራረጥ ምክንያት ሁለት ጊዜ ቢደርስ ትዕዛዙ ሁለት እንዳይሆን፣ ቀብድና ቀሪ ሂሳብ ሲደመር ሳንቲሙ እንዳይጠፋ። ከክፍያ ቀጥሎ፣ እንዲያውም ለእናንተ ከሁሉ የሚብሰው፣ አንድ ብቻ ያለ ዕቃ ነው። አክስትሽ የሰፋችው መሶብ ድጋሚ የለውም፤ አንዷ ከአዳማ፣ ሌላዋ ከጎንደር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢገዙት ለማን ትሰጪያለሽ? ይህን ስህተት ማንም ሰው ገጹን አይቶ አያገኘውም፤ በቴስት ነው የሚያዘው። ሦስተኛው የፊደላችን ነገር ነው። አንዱ «ሐር ጥለት» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ሀር ጥለት» ይላል፤ ፍለጋው ሐን ከሀ ለይቶ «ዕቃው የለም» ቢል ደንበኛው ትቶ ይሄዳል፣ እናንተም መሄዱን አታውቁም። ሐመሩን ሐ፣ ንጉሡን ሠ፣ ዓይኑን ዐ፣ ፀሐዩን ፀ ከድምፅ አቻቸው ጋር ወደ አንድ ፊደል የምትሰበስቢበት ኮድ ለቲዲዲ የተፈጠረ ነው፤ ግብዓቱም ውጤቱም ቀድሞ ይታወቃል።

የማድረሻ ቀናችሁንም አትርሺ። «በ7 ቀን እናደርሳለን» ካላችሁ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2015 የታዘዘ ዕቃ መስከረም 4 ይደርሳል፤ በማግሥቱ ዓመት ጳጉሜ 3 የታዘዘው ግን መስከረም 5 ነው፣ 2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበራት። እንዲህ ያለውን በጭንቅላት ይዞ ኮድ መጻፍ ማንንም ያሳስታል።

አሁን ደግሞ ሳነብ ደስ ያለኝን ልንገርሽ። የእሱ አሠራር የጎደለው የአንቺ ልማድ ነው። ቲዲዲ ማለት ከሥራው በፊት «ትክክል ማለት ይህ ነው» ብሎ መጻፍ አይደል? መግለጫዎቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ማሽኑ አንድ ቃል ሳይጽፍ በፊት ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር ይኑር፦ ከምን ተሠራ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ እንዴት ይጸዳል፣ ማን ሠራው። ያ መስመር የመግለጫው ቴስት ነው። አንዳንዱን በኮድም ልታጣሪው ትችያለሽ። የጽዳቱ ዓምድ «በደረቅ ጨርቅ» እያለ መግለጫው ውስጥ «ይታጠባል» የሚል ቃል ካለ ገጹ እንዳይወጣ ይታገድ፤ በሰንጠረዡ ያልተጻፈ «ቀርከሃ»፣ «ቆዳ»፣ «ሐር» ሲገኝም እንዲሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቃላቱ ውብ ይሁኑ አይሁኑ ግን ኮድ አይነግርሽም፤ ያንን ጮክ ብሎ የሚያነበውና የሚሰማው ሰው ይፈርዳል።

ያንን ሰንጠረዥ ማን ይሞላዋል ብለሽ እንደማትጠይቂኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ፣ ቡና ስታፈሉ፣ አክስትሽ ዘንድ ሁለታችሁም ሂዱ። ስለ ድረ ገጹ ከማውራታችሁ በፊት እሱ እናቱን ይቅርታ ይጠይቅ፣ አንቺም እንደዚያ አድርገሽ ስላነበብሽላት ጠይቂያት፤ አስበሽበት ባይሆንም ያመማት በአንቺ አንደበት ነው። ከዚያ አንድ መሶብ አንሺና «ይሄን ስትሰፊው ምን አስቸገረሽ?» በያት። የምትናገረውን ሳታስተካክዪ ጻፊው። ፈቃዷ ከሆነ በስልክሽ ቅጂው። ከሰላሳ ስፌቶች ሰላሳ መግለጫ ታገኛላችሁ፣ አንዱንም ማሽን ሊጽፈው የማይችል።

ከአክስትሽ ልጅ ጋር ስትቀመጪ «ሥራዬን አቃለልክብኝ» ከሚለው አትጀምሪ፣ እውነት ቢሆንም። «የቴስቱን ሥራ ልቀንስ ነው፣ ከአራት ቦታ በቀር» ብለሽ ጀምሪ፤ ክፍያ፣ አንድ ብቻ ያለ ዕቃ፣ ፍለጋ፣ የማድረሻ ቀን። ወዲያው ቀጥለሽ ከእሱ የምትፈልጊውን ጠይቂ፦ በሰንጠረዥ ያልተሞላ ዕቃ እንዳይለቀቅ፣ አሁን ቴሌግራም ላይ ያሉት 240 መግለጫዎችም እስኪጣሩ እንዲነሱ። ከዚያ በ240 ሳይሆን በ40 ዕቃ ክፈቱት፣ ከፋሲካ በፊት ይደርሳል። የቀረው በየሳምንቱ እየተጣራ ይጨመራል። የመነሻ ገጹን ዲዛይን ደግሞ ለመጀመሪያው ወር እንዳይነካው ቃል ይግባልሽ፤ ይህን ያህል መጠየቅ መብትሽ ነው።

ስለ ሽርክናው አሁን አትወስኚ። ያስቀየመሽ ሰው የማያዳምጥ ሰው መሆኑን ገና አልፈተንሽም፤ ሁለት ሳምንት ዝም ያላችሁት ሁለታችሁም ናችሁ። 40ው ዕቃ ተለቆ አንድ ወር ሲሞላው ተቀመጡና፣ ዕቃ ላይ ማን እንደሚወስን፣ ኮድ ላይ ማን እንደሚወስን፣ የአክስትሽ ገንዘብ መቼና እንዴት እንደሚመለስ በወረቀት አስፍሩት። ሦስተኛዋ ፈራሚ እሷ ትሁን። ቃሉን የማይጠብቅ ከሆነ ያን ጊዜ ጻፊልኝ፣ ስለ መለያየቱም በግልጽ እንነጋገራለን።

ቀለሙ የሄደባትን ሴት ደግሞ ገንዘቧን ስትመልሱ መሶቧን መልሺው አትበሏት፤ ይልቅ ልታስተካክለው ትችል እንደሆነ አክስትሽን ጠይቋት። ምን እንዳለቻችሁ ብታሳውቂኝ ደስ ይለኛል።